«ዘርህ ምንድን ነው?» ስለሚለው ጥያቄ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከጅማ፣ ከአጋሮ፣ ከሊሙና ከቦንጋ የመጣን ተማሪዎች ስለ ዘር እንድንናገር በተጠየቅን ጊዜ በመጀመሪያ ያሰብነው ስለ ቡና ነው። ዘር የሚለው ቃል ስለ ቡና ሲነገር ቁም ነገር አለው። የጅማ እርሻ ምርምር ማዕከል መርጦ ያወጣው 74110 የተባለው ቡና የፍሬ በሽታን ይቋቋማል፤ ገበሬው ዘሩን ጠይቆ ቢተክል ይጠቀማል። ይኸው ጥያቄ ወደ ሰው ሲዞር ግን ስለ ሰውዬው ጠባይም ሆነ ችሎታ አንዳች አይነግረንም። የሚነግረን ከማን ጋር እንዲበላና ማንን እንዲያገባ እንደሚፈቀድለት ብቻ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደ መጣ ከራሳችን ታሪክ እንመልከት። ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅማን በገዙበት ዘመን (ከ1870 እስከ 1924 ዓ.ም.) የሂርማታ ገበያ ከቡናና ከዝባድ ሌላ በሰው ንግድም የታወቀ ነበር። ተማርኮ የሚመጣው ሰው በትውልድ መንደሩ ስምና ወገን፣ አባትና መሬት ነበረው። ገበያ በቆመ ጊዜ ይህ ሁሉ ተፍቆ ባሪያ የሚል አንድ ስም ተሰጠው። እንግዲህ «ዘር» የተባለውን የፈጠረው ገበያው ነው። በ1916 ዓ.ም. ባርነትን የሚገድብ አዋጅ ወጣ፤ በ1934 ዓ.ም. ደግሞ ባርነት ጨርሶ ተሻረ። አዋጁ ሰውዬውን ነጻ አወጣው፤ ስሙ ግን ለልጅ ልጅ ተላለፈ፤ ዛሬም በጠብ ጊዜ ሲነገር ይሰማል።

በከፋ የሚኖሩት የማንጆ ወገኖቻችን ነገርም እንደዚሁ ነው። ማንጆዎች ከጎረቤቶቻቸው ጋር አንድ ቋንቋ ይናገራሉ። ቀድሞ አዳኞች ነበሩ፤ በኋላም እንጨትና ከሰል እየሸጡ ኖሩ። የማይበላ አውሬ ይበላሉ ተብሎ ከሰው ቤት እንዳይገቡ፣ ከአንድ ገበታ እንዳይቆርሱ፣ ከሌላው ጋር እንዳይጋቡ ተደረገ። ልማዱ ላላ እንጂ አልጠፋም። ባለቤቱ በገዛው ከሰል ቡናውን ያፈላል፤ ከሰል ሻጩን ግን «ና፥ ቡና ጠጣ» አይለውም።

ፋሺስት ኢጣልያ ጅማን ይዞ በነበረበት ጊዜ ደግሞ ሌላ ሚዛን መጣ። በ1929 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የሚኖረውን ኢጣልያዊ እስከ 5 ዓመት እስራት ያስቀጣ ነበር። በዚያ ሕግ ፊት የባላባቱ ልጅ፣ የባሪያው ልጅና ማንጆው አንድ ነበሩ፤ ሁሉም ከነጩ በታች ተቆጠሩ። ሰውን በዘር የሚመዝን ሁሉ ሚዛኑ አንድ ቀን ለእርሱም እንደሚቀርብለት ይወቅ!

በ1942 ዓ.ም. ዩኔስኮ የሰበሰባቸው ሊቃውንት ዘር የተባለው ነገር በኑሮ ረገድ ሲታይ ከተፈጥሮ እውነት ይልቅ ማኅበር የፈጠረው ተረት መሆኑን ገለጹ። ከዚያ ወዲህ የተደረገው ምርምርም የማናቸውም ሁለት ሰዎች የተፈጥሮ ጽሑፍ ከሺህ አንድ ያህል ብቻ እንደሚለያይ አሳይቷል። በመስከረም 1956 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ የቆዳ ቀለም ከዓይን ቀለም የበለጠ ቁም ነገር ሆኖ መታየቱ እስካልቀረ ድረስ ሰላም እንደማይገኝ ተናገሩ። ይህን ቃል በደቡብ አፍሪካ ላይ ስንጠቅስ ኖረናል፤ በቦንጋ ገበታ ላይስ ማን ይጥቀሰው?

«አባትና አያትን መቁጠር ባህላችን ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ሰባት ቤት መቁጠር ደግ ነው። ነገር ግን አንዱን ጨዋ፣ ሌላውን ባሪያ ለማለት አጥንት መቁጠር ሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱን አንቀላቅል።

አዋጅ ገበያን ሊዘጋ ይችላል፤ ገበታን ግን ሊከፍት አይችልም። ይህ የእኛ ሥራ ነው። ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንመለስ ለቡና ለቀማ ከሩቅ የመጣውን ሠራተኛና ከሰል ሻጩን ሲኒ አቅርበን ከአጠገባችን እናስቀምጥ። ለእኅቶቻችንና ለወንድሞቻችን ጋብቻ ሽማግሌ በመጣ ጊዜም ስለ አጥንት ሲጠየቅ ዝም አንበል። እናቶቻችን ቢያዝኑ፣ ጎረቤት ቢያማን፣ ይህን ያህል ዋጋ ለመክፈል ካልደፈርን ትምህርታችን ለምን ይሆናል?