ከፀረ እንግዳ አካል በፊት፦ ቫይረስን የሚዋጉ ኢንዛይሞችና የአፍተግር በሽታ



ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ለአዲስ አበባ ወተት ከሚያቀርቡ አካባቢዎች መካከል ናቸው። በዚህ አካባቢ አንዲት የተዳቀለች ላም በአፍተግር ስትያዝ ምላሷ ይቆስላል፣ ታነክሳለች፣ ወተቷም ይቀንሳል። የቤተሰቡ ገቢ የተመሠረተው በእርሷ ላይ ከሆነ ጉዳቱን መገመት አያዳግትም። የዛሬው ንግግሬ የሚያተኩረው ቁስሉ ከመታየቱ በፊት በላሟ ሕዋስ ውስጥ በሚካሄደው ትግል ላይ ነው።

ፀረ እንግዳ አካላት እስኪዘጋጁ ቀናት ያልፋሉ፤ ቫይረሱ ግን በሰዓታት ውስጥ ይራባል። ይህን ክፍተት ከሚሸፍኑት ዋነኛው ኢንተርፌሮን ነው፤ አይዛክስና ሊንደንማን በ1957 እ.ኤ.አ. ለዓለም ያስተዋወቁት። ኢንተርፌሮን በራሱ ቫይረስን አያጠፋም፤ ጎረቤት ሕዋሳትን ያስጠነቅቃል እንጂ። የተጠነቀቁት ሕዋሳት ኦኤኤስ የተባለውን ኢንዛይም በብዛት ያመርታሉ። ኦኤኤስ ቫይረሱ ሲባዛ የሚፈጠረውን ጥንድ አርኤንኤ ሲያገኝ ከኤቲፒ አጫጭር ሰንሰለቶችን ይሠራል። እነዚህ ሰንሰለቶች አርኤንኤዝ ኤል የተባለውን ሌላ ኢንዛይም ይቀሰቅሳሉ፤ እርሱም የቫይረሱንም የሕዋሱንም አርኤንኤ ይቆራርጣል። ፒኬአር ደግሞ የፕሮቲን ምርትን ይገታል። ሕዋሱ ጠላት እንዳይጠቀምበት የራሱን ጎተራ ያቃጥላል ብንል ከእውነቱ ብዙም አንርቅም።

ይህ ስልት እጅግ ጥንታዊ ነው። የኦኤኤስ ዘመዶች በባክቴሪያዎች ውስጥ ይገኛሉ፤ እዚያም ባክቴሪያን ከሚያጠቁ ቫይረሶች ይከላከላሉ። ቫይረሶችም በበኩላቸው ዝም ብለው አልተቀመጡም። የአፍተግር ቫይረስ መሪ ፕሮቲኤዝ የተሰኘ የራሱ ኢንዛይም አለው። ይህ ኢንዛይም ሕዋሱ ፕሮቲን ለማምረት የሚያስፈልገውን አንድ ወሳኝ ፕሮቲን ይቆርጣል፤ ስለዚህ ኢንተርፌሮን በበቂ መጠን አይመረትም። የቫይረሱ ምርት ግን በሌላ መንገድ ስለሚጀመር ይቀጥላል። ተመራማሪዎች ይህን ኢንዛይም ከቫይረሱ ሲያስወግዱ ቫይረሱ በከብቶች ላይ ያለው ጉልበት ተዳክሟል። በእኔ አስተያየት ከዚህ የበለጠ አሳማኝ ማስረጃ አይገኝም።

ታዲያ ኢንተርፌሮንን ከውጭ ብንሰጥስ? ጂኑን በአዴኖቫይረስ ተሸካሚነት የተቀበሉ አሳማዎች በአንድ ቀን ውስጥ ከበሽታው ተጠብቀዋል፤ በከብቶች ላይ የተገኘው ጥበቃ ግን ከፊል ብቻ ነበር። ስለዚህ ለሱሉልታ ገበሬ ዋናው መሣሪያ ዛሬም ክትባት ነው። ቫይረሱ ሰባት ሴሮታይፖች አሉት፤ የአንዱ ክትባት ከሌላው አያድንም። በሀገራችን ኦ፣ ኤ እና ሳት 2ን ጨምሮ ከአንድ በላይ ተመዝግበዋል። ከታመመች ላም የተወሰደ ናሙና ሰበታ ወደሚገኘው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት በቶሎ መድረሱ፣ የትኛው ክትባት እንደሚመረጥ የሚወስነውም በዚሁ ምክንያት ነው።