እናት ወደ ዛፍ ሥራ ስትገባ ቤተሰቡ ምን ይጠይቅ?

(በኢየሩሳሌም፣ በሄርዝል ተራራ አካባቢ ለወላጆችና ለሽማግሌዎች የተደረገ ንግግር)



እንደምታውቁት እስካሁን በነዚህ ስብሰባዎች የተነጋገርነው ስለ ስኳር በሽታ፣ ስለ ደም ግፊትና ስለ ልጆች ክትባት ነው። የዛሬው ጉዳይ ትንሽ ለየት ይላል። በጽዳት ሥራ፣ በኒካዮን፣ ብዙ ዓመት የቆየች አንዲት እናት ዛፍ የመመልመል ሙያ ተምራ ሥራዋን ለመቀየር ፈለገች። ቤተሰቡ አልተቀበለውም። ባሏ ትወድቃለች ብሎ ፈራ፤ አባቷ ደግሞ «ሴት ልጅ ገመድ ታጥቃ ዛፍ ላይ?» ብለው አዘኑ። እሷም ወደ እኛ መጥታ «ጤናዬ ይችለዋል ወይስ አይችለውም?» ብላ ጠየቀችን። ስሟን አንጠራም። ጥያቄው ግን ነገ በሌላው ቤትም ሊመጣ ስለሚችል፣ ለእሷ የነገርናትን ለእናንተም እንነግራችኋለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ሥራው ራሱ ምን እንደሆነ እንግለጽ። በኢየሩሳሌም ቀን ወደ ሄርዝል ተራራ ስንወጣ፣ በሱዳን መንገድ ለቀሩብን ወገኖቻችን በ2007 በተሠራው መታሰቢያ አጠገብ ስንቆም፣ በተራራው ላይ ያሉትን ዛፎች ሁላችንም አይተናል። አብዛኛዎቻችን ዛፍ ተተክሎ በራሱ የሚኖር ይመስለናል። ሰው በሚመላለስበት ቦታ የቆመ ዛፍ ግን ጠባቂ ይፈልጋል። በታኅሣሥ 2013 ከባድ በረዶ በወረደ ጊዜ በዚህች ከተማ ስንት ቅርንጫፍ ተሰብሮ በመንገድና በመኪና ላይ እንደወደቀ የምታስታውሱ አላችሁ። በሚያዝያ 2025 በኢየሩሳሌም ኮረብቶች የተነሳው እሳትም በሄርዝል ተራራ የሚደረገውን የነጻነት ቀን የችቦ በዓል አሰርዟል። የደረቀውን ቅርንጫፍ ማውረድ፣ የታመመውን መለየት፣ የተጠጋጋውን ማሳሳት የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው። እንደ ኢትዮጵያ ጎዳና ባሉ ጠባብ መንገዶች፣ በድንጋይ አጥር በተከበቡ ግቢዎች ውስጥ ደግሞ ማንሻ መኪና እንደልብ ስለማይገባ በገመድ የሚወጣ ሰው ይፈለጋል።

ሥራው በጉልበት ብቻ የሚሠራ አይደለም። እኛ በነርስነት ትምህርት የተማርነው፣ የሰው ቁስል ሲድን በጠፋው ሥጋ ቦታ አዲስ ሥጋ እንደሚተካ ነው። ዛፍ እንዲህ አይድንም። የተጎዳውን ቦታ አያድሰውም፤ ዙሪያውን በአዲስ እንጨት እየከበበ ይዘጋዋል፣ የተበላሸውም እዚያው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ መጋዙ ያለ ቦታው ቢያርፍ ጉዳቱ ለዓመታት ይቆያል። ባለሙያ ከባድ ቅርንጫፍ ሲያወርድ መጀመሪያ ከግንዱ ትንሽ ራቅ ብሎ ከሥር በኩል ይገዘግዛል፤ ቀጥሎ ከዚያ ወጣ ብሎ ከላይ ይቆርጣል፤ በመጨረሻ የቀረውን ጉቶ ከግንዱ ጋር የሚያያይዘውን እብጠት ሳይነካ ያስተካክላል። ከሥር ካልተጀመረ ቅርንጫፉ ሲወድቅ የግንዱን ልጣጭ ይዞ ይገነጠላል። በአገር ቤት ማገዶ የሰበረ ሁሉ ይህን በዓይኑ አይቷል። በዚህ አገር በሙያው ብዙ የሠራና ፈተና ያለፈ ሰው «ጎዜም ሙምሔ» የሚል የምስክር ወረቀት ያገኛል። ዛፍ ለመቁረጥም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የደን ሕጉ ከእንግሊዞች ዘመን፣ ከ1926 ጀምሮ የመጣ ነው።

አሁን ወደ ፍርሃቱ እንምጣ። አባቶቻችን የሚፈሩት ነገር እውነት ነው። ከከፍታ መውደቅና የሞተር መጋዝ ሰው ይገድላሉ። ይህን አቃለን ብንናገር ከሙያችን ውጭ ይሆንብናል። ነገር ግን አንድ ነገር እንድታስተውሉልን እንፈልጋለን። ያቺ እናት ለዓመታት ባልዲ ስታነሳ፣ ደረጃ ስትወለውል፣ ጎንበስ ቀና ስትል «ተጠንቀቂ» ያላት ሰው አልነበረም። ወገቧ፣ ትከሻዋና የእጅ አንጓዋ ሌሊት ሌሊት እያመማት በኪኒን ትተኛለች። ኤኮኖሚካ ከአሲድ ማጽጃ ጋር ሲቀላቀል መርዛማ ጋዝ እንደሚወጣው የነገራት አሠሪም አልነበረም። ቤተሰቡ ይህን ሁሉ እንደ አደጋ አልቆጠረውም፤ ደም አይታይበትምና፣ ደግሞም የሴት ሥራ ነው ተብሏልና።

ይህ ነገር ከአገራችንም የመጣ ነው። በአዲስ አበባ ከእንጦጦ ተራራ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶች ያየ ያውቃል። ሸክሙ የራሳቸውን ክብደት የሚያህልበት ጊዜ አለ። ከነሱ አንዳንዶቹ ማኅበር አቋቁመው ሸክሙን ትተው ወደ ሽመና ገብተዋል፤ ማኅበሩም የቀድሞ ሴት እንጨት ተሸካሚዎች ማኅበር ተባለ። እንጨቱን ሴት ስትሸከመው ማንም አላዘነም። ሴት መጋዝ ስትይዝ ግን እንደነቃለን። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1942፣ እንግሊዞች የሴቶች የእንጨት ጓድ አቋቁመው ነበር። ከሱቅ፣ ከቢሮና ከፀጉር ቤት የመጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች ለጥቂት ሳምንታት ሠልጥነው ዛፍ ቆረጡ፣ ግንድ ለኩ፣ መኪና ነዱ። ዛሬም በዓለም አቀፉ ዛፍ የመውጣት ውድድር ጆ ሄጀር የምትባል እንግሊዛዊት በሴቶች በኩል ብዙ ጊዜ አሸንፋለች። ስለዚህ «ሴት ትችላለች ወይ?» የሚለው ከተመለሰ ቆይቷል። የቀረው «በምን ሁኔታ ትሥራ?» የሚለው ነው።

ቤተሰቡ የሚጠይቀውም ይህንን ይሁን። ያስተማራት ማን ነው? ከሁለት ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ለሚሠራ ሰው ሥልጠናና የጽሑፍ ፈቃድ በ2007 በወጣው ደንብ ግዴታ ነው፤ ሥልጠናውም በየጊዜው ይታደሳል። አሠሪው ቀበቶውን (ሪትማ)፣ ቆቡን (ቃስዳ)፣ የዓይንና የጆሮ መከላከያውን ሰጥቷል? ለመጋዝ የሚለበሰው ሱሪ ተራ ሱሪ አይደለም፤ በውስጡ ያሉት ረጃጅም ክሮች በሰንሰለቱ ላይ ተጠምጥመው መጋዙን ያቆሙታል። ከኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ ያለ ዛፍ መስመሩ ሳይቋረጥ አይነካም። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ እሷ ከላይ ስትሆን ከታች ማን አለ? ብቻዋን የምትወጣ ከሆነ እኛም ከአባቷ ጋር ሆነን «አትሂጂ» እንላታለን። ራሱን ስቶ በቀበቶ ተንጠልጥሎ የቀረ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ከታች የሚቆመው ሰው ወጥቶ ማውረድ የሚችል መሆን አለበት።

በእኛ በኩል ለሴትዮዋ የነገርናት ይህ ነው። በመጀመሪያ ወደ ኩፓት ሆሊም ሐኪሟ ትሂድ። የደም ማነስ፣ ማዞር፣ የሚጥል በሽታ፣ የስኳር መድኃኒት ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ካለ ሐኪሙ ሳይፈቅድ ከፍታ ላይ አይወጣም። የቲታነስ ክትባቷን ታሳይ፤ አሥር ዓመት ካለፈው ትከተብ። የመጋዝ ንዝረት ለረጅም ጊዜ ሲቆይ የጣትን የደም ሥርና ነርቭ ይጎዳል፤ በብርድ ጊዜ ጣቶቿ ነጭ ሆነው ከደነዘዙ ሳትደብቅ ቶሎ ትናገር። በጾም ቀን ደግሞ፣ ስግድም ይሁን ኪፑር ወይም ሌላ ጾም፣ ውኃ ሳይጠጡ ዛፍ ላይ መውጣት የለም። ስግድ ከ2008 ጀምሮ በሕግ የታወቀ በዓል ስለሆነ የዕለቱን ፈቃድ አስቀድማ መጠየቅ ትችላለች።

እርግዝናን በሚመለከት ሕጉ ለአሠሪው መንገር የሚያስገድደው በአምስተኛው ወር ነው። በዚህ ሥራ ግን እስከዚያ መጠበቅ ትክክል አይደለም፤ እንዳወቀች ለሐኪሟ ትንገር፣ ከዛፍም ትውረድ። ሥራው ለእሷ ወይም ለጽንሱ አደገኛ መሆኑን ሐኪሙ ካረጋገጠና አሠሪው ሌላ ተስማሚ ሥራ ካላገኘላት፣ ከሥራ የምትቀርበት ጊዜ ቢያንስ ሠላሳ ተከታታይ ቀን ከሆነና መሥፈርቱን ካሟላች፣ ከቢቱዋሕ ሌኡሚ የእርግዝና መጠበቂያ ክፍያ ልትጠይቅ ትችላለች። ይህን ባለማወቅ ሆዳቸውን በልብስ እየሸፈኑ የሚሠሩ እናቶች አይተናል፣ በጽዳትም ሥራ ቢሆን።

ሥራ ላይ ከተጎዳች አሠሪው ቅጽ 250 ይሰጣታል፤ በእሱ በኩፓት ሆሊም ትታከማለች። ለጉዳት ክፍያ የሚቀርበው ጥያቄ ከአሥራ ሁለት ወር ማለፍ የለበትም። ለዚህ ሁሉ መሠረቱ ታሉሽ ነው። ቃብላኑ «በእጅ እከፍልሻለሁ» ካላት ወይም «ዓጽማኢት ሁኚ» ካላት ነገሩ ይለወጣል፤ በግሉ የሚሠራ ሰው ከመጎዳቱ በፊት በቢቱዋሕ ሌኡሚ ካልተመዘገበ ለሥራ ጉዳት አይሸፈንም። ባሏ ስለ ገመዱ ብዙ ጠየቀን፣ ስለ ታሉሹ ግን አልጠየቀንም ነበር።

ስለ ኦሬን ዛፍ ስንናገር ሴትዮዋን ብቻ ሳይሆን ሁላችሁንም የሚመለከት አንድ ነገር አለ። ከክረምቱ አጋማሽ እስከ ጸደይ ድረስ በኦሬን ቅርንጫፍ ላይ እንደ ጥጥ የነጣ ጎጆ ታያላችሁ። ውስጡ ያለው አባጨጓሬ በዕብራይስጥ ታቫይ ሃታሃሉኻ ይባላል። ከዛፉ ወርዶ አንዱ የሌላውን ጭራ ተከትሎ በመስመር ሲሄድ ልጆች ይስቡበታል፣ ሊነኩትም ይሮጣሉ። ፀጉሩ እጅግ ጥቃቅን ነው፤ ቆዳ ላይ ሽፍታና ከባድ ማሳከክ ያመጣል፣ ዓይን ከገባም ሊያቆስል ይችላል። ልጁ ከነካው አያሻሽ። ፀጉሩን በሚያጣብቅ ፕላስተር እየነካችሁ አንሱ፣ በብዙ ውኃ እጠቡ፣ ልብሱን ለውጡና ለብቻው እጠቡት። ዓይን ከነካ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይሂድ። ፊቱ ካበጠ ወይም መተንፈስ ካስቸገረው 101 ደውሉ። ጎጆውን በእንጨት ለማውረድ የምትሞክሩ ካላችሁ እንዳትሞክሩ፤ ነፋስ ፀጉሩን ፊታችሁ ላይ ይበትነዋል። ይህም የሠለጠነና የተሸፈነ ሰው ሥራ ነው።

ያቺ እናት የደም ምርመራዋን ጨርሳለች። ውጤቱ ትንሽ የብረት ማነስ ስላሳየ ሐኪሟ መድኃኒት ሰጥተዋት ከሦስት ወር በኋላ ድጋሚ ትመረመራለች። እስከዚያ ድረስ በሳምንት ጥቂት ቀን ከመሬት ሆና ገመድ መያዝና ቅርንጫፍ ማንሳት እየተለማመደች ነው። አባቷ አሁንም ደስ አላላቸውም፤ ሆኖም ከታች የሚቆመውን ሰው ማየት እንደሚፈልጉ ነግረውን አብረን ልንሄድ ተቀጣጥረናል።

አሁን ሻይ ቀርቧል። ታሉሽ ወይም ከቢቱዋሕ ሌኡሚ የመጣ ደብዳቤ ይዛችሁ የመጣችሁ እዚሁ ቆዩ፣ አንድ በአንድ አብረን እናነባለን።