ካሜራ ያያል እንጂ አይዳስስም

(በትምህርት ቤታችን የ50ኛ ዓመት በዓል ላይ የእንጨት ሥራ ክበብ አባሎች ያሰሙት ንግግር)



 የምንነግራችሁ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ የእንጨት ሥራ ክፍል ውስጥ ያገኘነውን ትምህርት ነው። ክፍሏን የማታውቋት ትኖሩ ይሆናል። ወርዷ 4 ሜትር፥ ርዝመቷ 6 ሜትር ሲሆን፥ ያላት ሀብት ሁለት የሥራ ጠረጴዛ፥ ሁለት ሞርሳ፥ ሦስት መጋዝ፥ ሁለት መላጊያና ጥቂት መሮዎች ነው። ሥራውን ለመማር የሚፈልገው ተማሪ ግን ከ40 ይበልጣል። ሁላችንም በአንድ ጊዜ ከመምህራችን አጠገብ ልንቆም ስለማንችል፥ ከኋላ የቆመው ተማሪ የሚያየው የፊተኛውን ጀርባ ብቻ ነበር። ከዚህም የተነሣ አንድ አሳብ መጣልን፤ ይኸውም የመምህራችንን እጅ በተንቀሳቃሽ ስልክ ቀርጸን ሁሉም እንዲያየው ማድረግ ነው።

አንዳንድ ወላጆች፥ «የ11ኛ ክፍል ተማሪን ከመጋዝና ከመዶሻ ጋር ምን አገናኘው?» ብለው ጠይቀውን ነበር። ጥያቄው አዲስ አይደለም። በሀገራችን የእጅ ሙያ ለረጅም ዘመን ሲናቅ እንደ ኖረ የታወቀ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱትም ስለዚህ ነው። ነገር ግን የገባችሁበት በርና የተቀመጣችሁበት አግዳሚ ወንበር የአናጢ እጅ ውጤት መሆኑን ብናስብ፥ ሊናቅ የሚገባው ሥራ ሳይሆን ሥራ ፈትነት መሆኑን እንረዳለን።

ቀረጻው በመጀመሪያ ቀላል መስሎን ነበር። ሆኖም ወዲያው ሦስት ችግሮች ገጠሙን። አንደኛ፥ ስልኩን ከመምህራችን ፊት ለፊት ስላቆምነው የእርሳቸው ቀኝ ለተመልካቹ ግራ ሆነበት። ስለዚህ ከቁርጥራጭ እንጨት ረጅም መቆሚያ ሠርተን፥ ከትከሻቸው በላይ ሆኖ ወደ ታች እንዲያይ አደረግነው። ያን ጊዜ ተመልካቹ እጃቸውን እንደ ራሱ እጅ አድርጎ ለማየት ቻለ። ሁለተኛ፥ ምስሉ ይርገበገብ ነበር። የፊዚክስ መምህራችን እንዳስረዱን፥ የሀገራችን ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ የጣሪያው ፍሎረሰንት መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ደብዘዝ ይላል። ስልኩ በሰከንድ 25 ምስል እንዲያነሣ፥ እያንዳንዱም ምስል በሰከንድ 1/50 ብርሃን እንዲቀበል ብናደርገው መርገብገቡ ጠፋ። በጥላው ወገን ደግሞ ነጭ አቡጀዲ ዘርግተን የመስኮቱን ብርሃን ወደ ሥራው መለስነው። ሦስተኛው የድምፅ ችግር ነበር። ዝናብ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የመምህራችን ቃል አይሰማም። ስለዚህ ሌላ ስልክ በሸሚዛቸው የደረት ኪስ አስቀምጠን ድምፁን ለብቻው ቀዳን። ሥራው ከመጀመሩ በፊት አንድ ጊዜ እናጨበጭባለን፤ በኋላም የጭብጨባውን ድምፅና ምስል በማገናኘት ሁለቱን እናስማማለን።

በመስኮት ማስተማር ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፕላዝማ ትምህርት ገብቶ ነበር። ታላላቆቻችን እንደሚነግሩን በፕላዝማው የሚያስተምረውን ሰው «ትንሽ ይቆዩ፥ አልገባኝም» ማለት አይቻልም ነበር። የእኛን ፊልም ግን ተማሪው ሊያቆመው፥ ሊመልሰውና አሥር ጊዜ ሊያየው ይችላል። በዚህም ተመካን። መመካታችን ግን ብዙ አልቆየም።

ሦስተኛው ፊልማችን ስለ በርጩማ አሠራር ነበር። የቀረጽነውም መምህራችን በሌሉበት ቀን ራሳችን ነን። የበርጩማው እግርና አግዳሚ የሚገናኙት ወንዴና ሴቴ በሚባለው ዘዴ ነው፤ ማለት በእግሩ ላይ ቀዳዳ ይፈለፈላል፥ የአግዳሚውም ጫፍ በልኩ ተጠርቦ ይገባበታል። ደንቡ የቀዳዳው ወርድ የእግሩን ውፍረት ሢሶ ያህል እንዲሆን ነው። እግራችን 30 ሚሊ ሜትር ስለ ነበር ቀዳዳውን 10 ሚሊ ሜትር አደረግነው። እስከዚህ ድረስ ስሕተት አልነበረም። ነገር ግን ባሕር ዛፉ ገና አልደረቀም ነበር። ወንዴውንም አብዝተን ስለ ጠረብነው ሲገባ ላላ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስለ ነበር ቸኮልን፤ ክፍተቱን በሰጋቱራና በኮላ ሞላነው፤ ይህንንም ከፊልሙ ቆርጠን አወጣነው። ፊልሙ አማረ። ከስልክ ወደ ስልክ ተላለፈ፤ እኛም ተመሰገንን።

ከሁለት ወር በኋላ አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ወደ ክፍላችን መጣ። እናቱ በመንገድ ዳር ቡና እያፈሉ የሚተዳደሩ ናቸው። ልጁ ፊልማችንን እያየ በርጩማ ሠርቶላቸው ነበር። አንድ ቀን ጀበናውን አንሥተው ሊቀዱ ሲሉ እግሩ ተነቅሎ ወደቁ፤ የፈላውም ቡና ከጉልበታቸው አጠገብ ፈሰሰ። እግዚአብሔር ይመስገን አልተቃጠሉም። ልጁ ሊከሰን አልመጣም፤ ጥፋቱ የራሱ መስሎት ሊጠይቀን ነው የመጣው። «በፊልሙ የእናንተ በቀላሉ ገባ፤ የእኔም በቀላሉ ገባ፤ ስለዚህ ትክክል መሰለኝ» አለን።

ይህን ስንሰማ የምንለው ጠፋን። ከእኛ መካከል አንዳንዶቹ ፊልሙ በጸጥታ ቢጠፋ ይሻላል አሉ። ሌሎቻችን ግን በብዙ ሰው ስልክ ውስጥ ያለውን እንዴት እናጠፋዋለን? አልን። ያለን አማራጭ እውነቱን መናገር ብቻ ነበር። መምህራችንም በሰፈሩ ወደሚኖሩ አንድ አረጋዊ አናጢ ወሰዱን። እርሳቸውም ፊልሙን ሁለት ጊዜ ካዩ በኋላ፥ «ልጆቼ፥ ሲገባ አየሁ፤ ሲከብደው ግን አላየሁም» አሉን። ያን ጊዜ ነገሩ ገባን። ካሜራ ያያል እንጂ አይዳስስም። የላላውም የጠበቀውም ወንዴ በፊልም ላይ አንድ ይመስላል። ስለዚህ እጅ የሚያውቀውን አፍ ካልነገረው፥ ተመልካቹ የሚማረው የሥራውን መልክ እንጂ ሥራውን አይደለም።

ፊልሙን እንደ ገና ቀረጽነው። በመጀመሪያም የላላውን መገጣጠሚያ ገልብጠን በራሱ ክብደት ሲወድቅ አሳየን፤ የመጀመሪያውን ፊልም የሠራነው እኛ መሆናችንንና መሳሳታችንን ተናገርን። ቀጥለን ደኅናውን አሳየን። ትክክለኛ ወንዴ በእጅ ግፊት እስከ ግማሽ ይገባል፥ የቀረውንም በእንጨት መዶሻ ቀስ ተደርጎ ይመታል፤ ያለ ኮላ ቢገለበጥም አይወድቅም። ኮላ የተነካኩ እንጨቶችን ያያይዛል እንጂ ሰፊ ክፍተትን ሞልቶ አያጸናም። እርጥብ እንጨትም ሲደርቅ ርዝመቱ እምብዛም ሳይለወጥ በወርዱ ስለሚኮማተር፥ ዛሬ የጠበቀው ከወር በኋላ ይላላል። መድረቁን ለማወቅ በጥላ ሥር አየር በሚያገኝበት ደርድሮ በየሳምንቱ መመዘን ነው፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል። ለልጁ እናትም ከደረቀ ዋንዛ አዲስ በርጩማ ሠርተን፥ ይቅርታ ጠይቀን ሰጠናቸው። እስከ ዛሬም ይቀመጡበታል።

የሀገራችን ሰው አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ ይላል። እኛ ይህን ለእንጨት ብቻ የተባለ አድርገን ቆጥረነው ነበር። ከፊልም ላይ ቆርጠን በምናወጣው ነገርም ላይ እንደሚሠራ አሁን ተምረናል።

ክቡራን ወላጆቻችን ሆይ፤ ከእናንተ መካከል አናጢዎች፥ ግንበኞች፥ ሸማኔዎችና ብረት ሠሪዎች እንዳላችሁ እናውቃለን። አንድ ቀን መጥታችሁ እጃችሁን እንድንቀርጽ ፍቀዱልን። እጃችሁን ብቻ ሳይሆን፥ እጃችሁ የሚሰማውን ንገሩን። ውድ ጓደኞቻችን ሆይ፤ ፊልሞቻችንን ስታዩ ያልገባችሁን ጠይቁን፥ ስሕተትም ብታገኙ አትለፉን።

 ረጅም ዕድሜ ለትምህርት ቤታችን!