ያልተለመዱ ተክሎችን በጓሮአችን ከዘር ስለ ማብቀል

(ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተሰጠኝ ርዕስ ትንሽ ነገር ይመስላል። ስለ ዘር ነው፤ ያውም ስለ ጤፍና ስለ ስንዴ ሳይሆን፣ በብዙዎቻችን ጓሮ ስላልተለመዱና ከእፍኝ በማይበልጥ ዘር ስለሚጀመሩ ተክሎች። ነገር ግን ጌታችን ስለ መንግሥቱ ሲያስተምር ደጋግሞ ወደ ዘር መመለሱን አስታውሱ። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ገበሬው በተኛበት ሰዓት እንኳ ዘሩ በምድር ውስጥ ሥራውን እንደማያቋርጥ እናነባለን። በኦሪት ዘፍጥረት መጀመሪያም እግዚአብሔር ለሰው የሰጠው ምግብ ዘር ያለው ተክል ነው። ይህን ልብ በሉ፤ የዛሬውን የሚበላ ብቻ አልሰጠም፤ የነገውንም የሚዘራ በውስጡ አኑሮ ሰጠ እንጂ።

እንግዲህ ላሳስባችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የእርዳታ እህል ነፍስ ያድናል፤ ነገር ግን ተበልቶ ያልቃል። ዘር ግን አበቃቀሉንና አቀማመጡን በሚያውቅ ሰው እጅ ከገባ ከቤት ወደ ቤት እየተሻገረ ይኖራል። ስለዚህ ዘር ማብቀልን መማር ከእርዳታ ሥራችን ጎን የሚቆም ተጨማሪ ነገር ሳይሆን የሥራው አንዱ ክፍል ነው።

ዘር ሲበላ

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ የሆነውን የምታስታውሱ ታውቁታላችሁ፤ ወጣቶችም ከወላጆቻችሁ ሰምታችኋል። ብዙ ገበሬ መጀመሪያ በሬውን ሸጠ፤ ቀጥሎም ለዘር ያስቀመጠውን በላ። ልጆቹ እየተራቡ ዘር አስቀምጥ ብሎ ሊፈርድበት የሚችል ማንም የለም። ነገር ግን ዝናቡ ሲመለስ መሬቱ ነበረ፤ ዘሩ ግን አልነበረም። በእርዳታ የመጣውም ዘር ሁልጊዜ ለአገሩ አፈርና አየር የሚስማማ አልነበረም።

የዘርን ዋጋ ከሌላ አገር ታሪክም እንማራለን። ኒኮላይ ቫቪሎቭ የተባለው የሩሲያ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1927 አገራችንን ዞሮ የስንዴና የገብስ ዘር ሰብስቦ ወደ ሌኒንግራድ ወሰደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተማዋ በጠላት ተከብባ ሳለች የዘሩ ጠባቂዎች ከነበሩት ሊቃውንት አንዳንዶቹ በዘር ከረጢት መካከል ሆነው በረሃብ ሞቱ፤ ዘሩን ግን አልበሉም። ቫቪሎቭ ራሱም በመንግሥቱ ታስሮ እ.ኤ.አ. በ1943 በወኅኒ ቤት አረፈ። በእኛም አገር የዘር ባንክ እ.ኤ.አ. በ1976 ተቋቁሞ፣ ዶክተር መላኩ ወረደ የአገሩን የገበሬ ዘር ለመጠበቅ በደከመው ድካም እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለ።

እኛ የዘር ባንክ የለንም። ጓሮ ግን አለን፤ ጣሳና ጠርሙስም አለን። ስለዚህ ሦስት ተክሎችን ላስተዋውቃችሁ።

ሦስት ተክሎች

አንደኛው ሽፈራው ነው። በጋሞና በጎፋ አለኮ ወይም ሃለኮ ይባላል። ለኮንሶ ወገኖቻችን እንግዳ ነገር አይደለም፤ እነርሱ በእርከናቸውና በግቢያቸው ተክለው ቅጠሉን ከማሽላ ዱቄት ድብልብል ጋር ቀቅለው ኩርኩፋ ብለው ይመገቡታል። ያልተለመደው ለእኛ ነው። ሽፈራው ድርቅን ይችላል፤ ሌላው ጎመን በጠፋበት በጋ ቅጠሉን ይሰጣል። የሚስማማው ግን ቆላና ዝቅ ያለው ወይና ደጋ ነው፤ በብርዳማ ደጋ የምትኖሩ አትድከሙበት። ዘሩ ትልቅና እንደ ክንፍ ያለ ስስ ልባስ ያለው ነው። አንድ ሌሊት በውኃ ዘፍዝፋችሁ አንድ የጣት አንጓ ያህል ጥልቀት ቅበሩት። በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ብቅ ይላል። ውኃ ከበዛበት ይበሰብሳል፤ ጠላቱ ድርቅ ሳይሆን የእኛ ርኅራኄ ነው። ቁመቱ ከአንድ ሜትር ሲያልፍ ጫፉን ብትቆርጡት ቅርንጫፍ ያበዛል፤ ቅጠሉንም ሴቶችና ልጆች በእጃቸው ሊደርሱበት ይችላሉ።

ሁለተኛው አሉማ ነው። በየእርሻው ዳር ሳይዘራ ስለሚበቅል ብዙ ሰው እንደ አረም ቆጥሮ ይነቅለዋል። ዘሩ እጅግ ደቃቅ ነው፤ በአንድ ግራም ውስጥ ከአንድ ሺህ በላይ ፍሬ ይገኛል። ስለዚህ አንዱን እጅ ዘር ከብዙ እጅ ደረቅ አሸዋ ጋር ደባልቃችሁ በለሰለሰ መደብ ላይ በትኑ፤ ከዚያም በላዩ በጣም ስስ አፈር ነስንሱ። በጥልቅ የተቀበረ አሉማ አይወጣም። በሞቃት አየር ከአንድ ሳምንት ባነሰ ጊዜ ይበቅላል፤ በአምስትና በስድስት ሳምንት ለወጥ ይደርሳል። ቅጠሉን ቀቅላችሁ የተቀቀለበትን ውኃ ድፉት። ከአንድ ቤት አንዱን ብርቱ ተክል ሳትቀነጥሱ ተዉት፤ ራሱ ሲደርቅ በጨርቅ ላይ ብታራግፉት ለመንደሩ ሁሉ የሚበቃ ዘር ይሰጣችኋል።

ሦስተኛው ፓፓያ ነው። ፍሬውን የማያውቅ የለም፤ ከዘሩ የሚያበቅለው ግን ጥቂት ነው። ብዙ ሰው ዘሩን ከፍሬው እንዳወጣ ይቀብረውና አልበቀለም ብሎ ይተወዋል። ምክንያቱ ዘሩን የሸፈነው እንደ ለጋ እንቁላል የሚያሙለጨልጭ ልባስ ነው፤ መብቀልን የሚከለክል ነገር በውስጡ አለ። ስለዚህ ዘሩን በወንፊት ላይ እያሻችሁ ልባሱ እስኪለቅ እጠቡትና በጥላ አድርቁት። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ጠብቁ። የፓፓያ ሥር መነካካትን አይወድምና ከመጀመሪያው በጣሳ ውስጥ ዝሩት። ደግሞም ፓፓያ ብዙውን ጊዜ ወንዴና ሴቴ ተብሎ ይለያል፤ በችግኝነቱ ግን መለየት አይቻልም። ስለዚህ በአንድ ጉድጓድ ሦስት ችግኝ ትከሉ። ሲያብብ አበባው በረጅም ዘንግ የተንጠለጠለው ወንዴ ነው፤ ከግንዱ ተጠግቶ የሚያብበው ፍሬ የሚሰጠው ነው። ለአሥር ሴቴ አንድ ወንዴ ትታችሁ የቀረውን ንቀሉ። በሞቃት ቦታ በአንድ ዓመት ገደማ ፍሬ ትቀምሳላችሁ።

ስለ ልጆቻችን አንድ ቃል ልጨምር። ዳፍንት የምንለው በማታ አለማየት የሚመጣው ሰውነት ቪታሚን ኤ ሲያጣ ነው። ሲብስም ዓይንን ለዘለቄታው ያጠፋል፤ ሕፃኑን በኩፍኝና በተቅማጥ ለመሞት ያጋልጠዋል። ጥቁር አረንጓዴ ቅጠልና የበሰለ ፓፓያ ይህን ቪታሚን ለሰውነት ከሚያስገኙት ምግቦች መካከል ናቸው፤ በወጡ ላይ ጥቂት ዘይት ሲጨመርበት ሰውነት ይበልጥ ይጠቀምበታል። ዳፍንት የያዘው ልጅ ካለ ግን ቅጠሉን ሳትጠብቁ በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ችግኙን ስለ መንከባከብ

አፈሩን ሦስት እጅ ለም አፈር፣ ሁለት እጅ የበሰለ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ አድርጋችሁ ደባልቁ። ያልበሰለ ፍግ ችግኙን ያቃጥላል። የዘይት ቆርቆሮም ሆነ የወተት ጣሳ ይበቃል፤ ከሥሩ ግን በምስማር መበሳት አለበት። ውኃውን በማለዳ በቀስታ አጠጡ። አጥብቃችሁ ከዘራችሁና ውኃ ካበዛችሁ ችግኙ አንገቱ ጠቁሮ ይወድቃል፤ ይህ በሽታ ከተነሣ በኋላ የሚያድነው የለም፤ የሚከለክለው አሳስቶ መዝራትና ነፋስ ማስገባት ነው።

ችግኙን ከጥላ አውጥታችሁ በአንድ ጊዜ ለፀሐይ አትስጡት። በመጀመሪያ የማለዳውን ፀሐይ ብቻ፣ ቀጥሎ እስከ ረፋድ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀኑን ሙሉ እየለመደ ይሂድ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ነው። ከዚህ በኋላ የክረምቱ ዝናብ ሲጸና ትከሉት፤ በዚያው ቀንም እጠሩት። አጥር ሳይታጠር የተተከለ ሽፈራው የፍየል ቀለብ ነው።

ዘሩን ስለ ማስቀመጥ

ዘር ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ሙቀትና እርጥበት ግን ዕድሜውን ያሳጥሩታል። ሊቃውንት እንደሚያስተምሩት የሙቀቱ መጠን በ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በቀነሰ ቁጥር የዘሩ ዕድሜ በእጥፍ ገደማ ይረዝማል፤ እርጥበቱ በመቶ አንድ ሲቀንስም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ዘሩን በጥላ አድርቃችሁ በጠርሙስ አስቀምጡት፤ ከሥሩ ጥቂት ደረቅ አመድ ወይም ከሰል በጨርቅ ጠቅልላችሁ አኑሩ፤ ክዳኑንም አጥብቃችሁ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ አድርጉት። በጠርሙሱ ላይ የተክሉን ስም፣ የተሰበሰበበትን ቀንና የሰጣችሁን ሰው ስም ጻፉ። የሽፈራውንና የፓፓያን ዘር ብዙ ሳታቆዩ ዝሩ።

ከመዝራታችሁ በፊት ዘሩን ፈትኑ። ሃያ ፍሬ ቆጥራችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉና በሞቃት ቦታ አቆዩት። አሥራ አምስቱ ከበቀሉ መልካም ዘር ነው፤ አሥር ከሆኑ እጥፍ አድርጋችሁ ዝሩ፤ ከአምስት ካነሱ ሌላ ዘር ፈልጉ። በዚህ መንገድ የተፈተነ ዘር ለድሃ ገበሬ መስጠት ሐቀኝነት ነው። ያልተፈተነ ዘር መስጠት ግን የእርሱን ክረምት መበደር ነው፤ ክረምቱን ደግሞ ልንመልስለት አንችልም።

ጥንቃቄ

ያልተለመደ ሁሉ መልካም አይደለም። ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃማ ዛፍ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በረሃን ያለማል ተብሎ በበጎ ሐሳብ በአፋር ተተከለ። ዛሬ የግጦሹን መሬት ወርሮ አርብቶ አደሩን አስጨንቆታል። በጎ ሐሳብ ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ በውጭ አገር የምትኖሩ ደጋፊዎቻችን በፍቅር ተነሣሥታችሁ ዘር በፖስታ አትላኩልን፤ ዘር ወደ አገር የሚገባው በእፅዋት ኳራንታይን ፈቃድ ነው፤ የሚያስፈልገንም አብዛኛው በአገራችን ይገኛል።

ሁለተኛም፣ ሽፈራው በሽታን ሁሉ ይፈውሳል እየተባለ ይወራል። ለወገኖቻችን እውነቱን እንንገር፤ ሽፈራው መልካም ጎመን ነው። ሥሩን ማንም አይብላ። የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኛ ቅጠሉን ተማምኖ መድኃኒቱን አይተው። የሽፈራው ዘር ዱቄት የደፈረሰ ውኃን ያጠራል፤ የጠራ ውኃ ግን ከተዋሲያን ሁሉ የነጻ ውኃ ማለት አይደለምና አፍልታችሁ ጠጡ።

የእያንዳንዳችን ድርሻ

ለፕሮጀክት ሠራተኞች የምለው ይህ ነው። በሪፖርታችን ያደልነውን ችግኝ ቁጥር መጻፍ ቀላል ነው። ይልቁን በዓመቱ ተመልሰን ሁለት ጥያቄ እንጠይቅ፦ ስንቱ ቆሟል? ስንት ቤተሰብስ ከራሱ ዘር ለሌላ ሰጥቷል? ሁለተኛው ቁጥር ከፍ ሲል የእኛ ሥራ እያለቀ፣ የሕዝቡ ሥራ እየጀመረ መሆኑን እናውቃለን።

ለምእመናን የምለው ደግሞ ይህ ነው። በየአጥቢያው አንድ እናት ወይም አንድ ሽማግሌ የዘር ጠባቂ ይሁኑ። አንድ ሣጥን ይዘጋጅ። ዘር የወሰደ ሰው በመከር ጊዜ የወሰደውን እጥፍ ይመልስ። ከሣጥኑም ጎረቤት ይካፈል፤ ከእኛ ጋር የሚያመልከውም የማያመልከውም፤ የእግዚአብሔር ዝናብ የሚዘንበው በሁሉ ጓሮ ነውና።

መዝሙረኛው እያለቀሰ ዘር ተሸክሞ ስለሚወጣ ሰው ይናገራል። ያ ሰው ለምን እንዳለቀሰ የተራበ ገበሬ ያውቃል፤ ልጆቹ ሊበሉት የሚችሉትን ወደ መሬት እየጣለ ነውና። የሰጪዎች ስጦታና የእኛ ድካም የሚፈለገው ለዚህ ነው፤ በክፉ ዘመን የሚበላውን ከጎኑ አቅርበን ገበሬው ዘሩን እንዳይበላ ልንረዳው ነው። በደኅናው ዘመን ደግሞ፣ ማለትም ዛሬ፣ በየጓሮአችን እናብቅል፣ እናስቀምጥ፣ እናካፍል።

የዘሩ ጌታ የእጃችንን ሥራ ይባርክ። አሜን።