ከጋኑ ወደ ሕፃናቱ ገበታ



ዛሬ ስለ ዳጉሳ ጥቂት ልናገር እወዳለሁ። በጎጃም፣ በጎንደር፣ በትግራይና በወለጋ አባቶቻችን ሲያመርቱት የኖሩ እህል ነው። ከምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ተነሥቶ ከብዙ ዘመን በፊት ወደ ሕንድ ተሻግሯል፤ በዚያ ራጊ ይሉታል። በሕንድ ጠያቂነትም የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት 2023 እ.ኤ.አ. የዳጉሳና የመሰሎቹ ጥቃቅን እህሎች ዓመት ሆኖ እንዲታሰብ አድርጓል። በእኛ ዘንድ ግን በብዙ ቀበሌ ማሳውን በቆሎ ወስዶታል። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ያገኘ በቆሎ ብዙ ይሰጣል፤ የዳጉሳ አረም ግን ወገብ ይቆርጣል። ከቀረውም ዳጉሳ ብዙ ቁና ወደ ጠላና ወደ አረቄ ይሄዳል።

እኛ አማኞች አረቄውን ትተናል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን ዳጉሳውን ከአረቄው ጋር አብረን እንዳንጥል እንጠንቀቅ። የመጠጥ እህል ነው ብለን ብንንቀው የምንበድለው ልጆቻችንን ነው። በ100 ግራም ዳጉሳ ውስጥ አጥንት የሚያጠነክረው ካልሲየም ከ300 ሚሊግራም በላይ ይገኛል፤ በስንዴ ካለው ብዙ እጥፍ ነው። ደግሞም በሚገባ ከደረቀ ነቀዝ ሳይደፍረው ለዓመታት በጎተራ ይቆያል። ዮሴፍ በጥጋቡ ዘመን ለረሀቡ ዘመን እንዳከማቸ እናስብ (ዘፍ. 41)።

እናቶች ሆይ፤ ብቅል ማብቀልን ታውቃላችሁ። ያው ሙያ ጌሾ ሳይነካው ለሕፃኑ ይዋል። ንጹሕ ዳጉሳ አንድ ሌሊት ይነከር፤ ውኃው ተጠንፍፎ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ሁለት ሦስት ቀን ይብቀል፤ ከዚያም በፀሐይ ደርቆ ይፈጭ። ሻጋታ የነካው ይጣል። ወፍራም ገንፎ ከበሰለ በኋላ ከእሳት ወርዶ በረድ ሲል ጥቂት የብቅል ዱቄት ጨምራችሁ አማስሉት፤ ይቀጥናል። እንደገና አንድ ጊዜ አፍሉት። ውኃ በመጨመር ከቀጠነ ገንፎ ይልቅ ይህኛው ለትንሽ ሆድ ብዙ ኃይል ይሰጣል። 6 ወር ላልሞላው ሕፃን ግን የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል።

የልማት ሠራተኞች ሆይ፤ በቆሎን አትከልክሉ፤ ነገር ግን ገበሬው ከማሳው ጥቂቱን ለዳጉሳ እንዲተው ምከሩት። በመስመር ቢዘራ አረሙ ይቀልለታል። የጉባኤ ሽማግሌዎችም፣ እንግዳ ሲመጣባችሁ የዳጉሳውን እንጀራ ያለ እፍረት አቅርቡ።

ስለ ዕለት እንጀራ የምንጸልይ ሰዎች በእጃችን ያለውን እህል አንናቅ። እግዚአብሔር ዘራችሁን ይባርክ። አሜን።