ሁለት ስም ያለው አንድ መድኃኒት

(በጋአን ሊባህ፣ ሐርጌሳ፣ ለስደተኛ ወላጆች ከተደረገ ንግግር)



ጅላል ሲገባ የሐርጌሳ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ቀን ደግሞ አቧራው አይቻልም። በክፍላችን ከትምህርቱ ይልቅ ሳሉ ይሰማል። እኛ መምህራን እንጂ ሐኪሞች አይደለንም። ሆኖም ማንበብ ሥራችን ስለሆነ፣ ስለ ጉንፋን መድኃኒት ያነበብነውን ልናካፍላችሁ ወደድን።

እንደምታውቁት እዚህ ጉንፋን «ሀርገብ» ይባላል። መድኃኒት ቤት ገብተን ይህችን ቃል ካልን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ኪኒን ይሰጠናል። አንድ ባልደረባችን ለራስ ምታቱ ፓራሲታሞል፣ ለአፍንጫው ደግሞ የጉንፋን ኪኒን ገዛ። ከሁለቱም ሁለት ሁለት ፍሬ በቀን አራት ጊዜ ሊውጥ ነበር። ማሸጊያዎቹን ጎን ለጎን አድርገን በደቃቁ የተጻፈውን ስናነብ፣ በሁለቱም ውስጥ 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል አገኘን። እስቲ እናስላው፤ በቀን 16 ፍሬ፣ ማለትም 8 ግራም! ለጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከፍተኛው 4 ግራም፣ ይኸውም ባለ 500 ው 8 ፍሬ ነው። ከዚያ ካለፈ ጉበትን ይጎዳል። ክፋቱ፣ በመጀመሪያው ቀን ምንም ላይሰማ ይችላል። ስለዚህ ከልክ በላይ የወሰደ ሰው «ደህና ነኝ» ቢልም ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ይወሰድ። ፓናዶልም ሆነ አሲታሚኖፈን ያው ፓራሲታሞል መሆኑን አትርሱ።

ፕሱዶኤፌድሪን የሚል ካያችሁ፣ የደም ግፊትን ከፍ ስለሚያደርግ ደም ብዛት ወይም የልብ ሕመም ያለባችሁ ሳትጠይቁ አትውሰዱ። ፌኒሌፍሪን የሚባለውን ግን የአሜሪካ መንግሥት የመድኃኒት አማካሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 መርምረው፣ በአፍ ሲዋጥ የተደፈነ አፍንጫ እንደማይከፍት ተስማምተዋል። በዚህ ኑሮ ገንዘብ ለምን ይጣላል? የአፍንጫ ጠብታም ከ5 ቀን በላይ ከቀጠለ አፍንጫውን መልሶ ይደፍነዋል። ክሎርፌኒራሚን ያለበት እንቅልፍ ያመጣልና ሾፌሮችና ግንባታ ላይ የምትውሉ ተጠንቀቁ። አሞክሳሲሊን ጉንፋንን አያድንም፤ ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ነው።

ስለ ልጆች በጣም እንለምናችኋለን። እ.ኤ.አ. በ2022 በጋምቢያ ወደ 70 የሚጠጉ ሕፃናት ኩላሊታቸው ተጎድቶ ሞቱ። የዓለም ጤና ድርጅት ከዚሁ ጋር አያይዞ ስለ አራት የሳልና የጉንፋን ሽሮፖች ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ መርዝ ተቀላቅሎባቸው ነበር። እንዲህ ያለውን ብልሽት ማሸጊያ በማንበብ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ለትንንሽ ልጆች ሐኪም ያላዘዘውን ሽሮፕ አትስጡ፤ የአዋቂ ኪኒንም ቆርሳችሁ አትስጡ፤ አስፕሪንም አይሰጥ። አፍንጫቸውን በጨው ውሃ ጠብታ አጽዱላቸው፤ ጡት የሚጠባ ይጥባ፤ አንድ ዓመት ላለፈው ማር ይላስ። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ማር ክልክል ነው። ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም መጥባት ካቃተው ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ውሰዱት።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ እዚሁ እንገኛለን። ቤት ያለውን መድኃኒት ከነማሸጊያው ይዛችሁ ኑ፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን እናነብላችኋለን። ዐረብኛ የምታነቡ ወንድሞችም አግዙን።