ስለ ትንሿ ሲቼንቶ
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እንደምታውቁት ባለፈው ስብሰባችን ለዕድሩ መኪና ይገዛ አይገዛ በሚል ብዙ ተነጋግረናል። ከዱራሜም ሆነ ከሆሳዕና አስከሬን ለማምጣት በየጊዜው ባለመኪና ደጅ ስንጠና መኖራችን ከማንም የተሰወረ አይደለም። በዚያ ቀን እኛ ሽማግሌዎቹ ተነሥተን «ትልቅ መኪና ምን ያደርግልናል፣ እንደ ሲቼንቶ ያለ ጠባይ ያላት ትገዛ» ብንል ወጣቶቹ ሣቁብን። ሲቼንቶ ምንድን ነው ብለው ከጠየቁ በኋላም «አስከሬኑ ቁጭ ብሎ ሊሄድ ነው?» አሉ። ኮሚቴው ነገሩን በጽሑፍ አቅርቡ ስላለን እነሆ አቅርበናል። ትምህርታችን ከስድስተኛ ክፍል ያላለፈ ስለሆነ ስሕተት ብታገኙ ይቅር በሉን።

በመሠረቱ ስሟ ሰይቼንቶ ነው፤ በጣሊያንኛ ስድስት መቶ ማለት ነው። የአዲስ አበባ ሰው ግን እንደ አፉ ሲቼንቶ ይላታል። የሠራት ፊያት ሲሆን ይህ ኩባንያ በ1891 ዓ.ም. ቶሪኖ በምትባል የጣሊያን ከተማ የተቋቋመ ነው። ከእርሷ በፊት ቶፖሊኖ የምትባል ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ መኪና ነበረቻቸው። ቶፖሊኖ ትንሽ አይጥ ማለት ነው። የወጣችው በ1928 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ዓመቱን ልብ በሉ። የጣሊያን ጦር ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ የገባው በዚያው ዓመት ነው። በአንድ እጃቸው ለራሳቸው ሰው ትንሽ መኪና፣ በሌላው እጃቸው ለእኛ የመርዝ ጭስ ያዘጋጁ ነበር ማለት ነው። ይህን የምንለው ቂም ለመቀስቀስ አይደለም። መኪናውም መንገዱም ወደ አገራችን ከምን ጋር ተያይዞ እንደመጣ ሳይነገር ቢቀር ግን ታሪኩ ጎደሎ ይሆናል።

ሲቼንቶ የወጣችው ከጦርነቱ በኋላ በ1947 ዓ.ም. ነው። መሐንዲሱ ዳንቴ ጃኮሳ ይባላል፤ ቶፖሊኖንም የሠራ እርሱ ነው። በዚያን ጊዜ የጣሊያን ሠራተኛ በብስክሌትና ቬስፓ በምትባለው ሞተር ብስክሌት ይሄድ ነበር፤ ሚስትና ልጅ ሲመጣ ደግሞ ሞተር ብስክሌት አይበቃም። ስለዚህ አራት ሰው የምትይዝ፣ ርዝመቷ ከሦስት ሜትር እምብዛም የማያልፍ፣ ክብደቷ 600 ኪሎ የማይሞላ መኪና አወጡ። ሞተሯ 633 ሲሲ ነበር፤ ኋላ ወደ 767 ሲሲ አደገ። ሞተሩ ያለው ከኋላ ነው። የማያውቅ ሰው የፊቱን ኮፈን ከፍቶ ትርፍ ጎማ ብቻ ሲያይ «ኧረ ሞተሩን ሰርቀዋችኋል» ይል ነበር። የፊተኞቹ ሲቼንቶዎች በራቸው የሚከፈተው ወደ ኋላ ነበር፤ እየሄደች በሩ ከተከፈተ ነፋሱ ገንጥሎ ይወስደዋል። ይህንን በ1956 ዓ.ም. ገደማ አስተካከሉት።

ታናሽ እኅቷ ቺንኩዌቼንቶ፣ ማለት አምስት መቶ፣ ሰኔ 27 ቀን 1949 ዓ.ም. ወጣች። እርሷ ደግሞ የባሰባት ናት፤ ሁለት ፒስተን፣ 479 ሲሲ፣ የ13 ፈረስ ጉልበት፣ ርዝመቷም ሦስት ሜትር አይሞላም። ውሃ አትጠጣም፤ የሚያቀዘቅዛት ነፋስ ነው። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ወደ 3.9 ሚሊዮን የሚጠጋ ተሠርቷል። በዓለም ላይ ስሟ የገነነው የእርሷ ነው፤ ስሟን የወረሰችም አዲስ መኪና ልክ በ50 ዓመቷ ወጥታለች። ለእኛ ግን ባለውለታችን ታላቋ ናት፤ ታክሲ ሆና አዲስ አበባን ያገለገለች ሲቼንቶ ናትና። ከላይ ነጭ፣ ከታች ሰማያዊ ቀለም ተቀብታ የማይተዋወቅ ሰው ጉልበት ለጉልበት አጋጥማ ትወስድ ነበር። ዳገት ላይ እንዳትፈላ ነጂዎቹ የኋላውን ክዳን በእንጨት ደግፈው ከፍተው ይሄዱ ነበር። ከሩቅ ስትታይ ክንፏን ያነሣች ዶሮ ትመስላለች።

ጣሊያኖቹ ሄዱ፣ ቋንቋቸው ግን ጋራዥ ውስጥ ቀረ። መኪና ራሱ የጣሊያን ቃል ነው። ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ካንዴላ፣ ቸርኬ፣ ኮፈን፣ ፓራፋንጎ፣ ፍሬቻ፣ ማርሚታ፣ ባሌስትራ፣ ናፍጣ፣ ሁሉም የእነርሱ ነው። ይኸው ዛሬ ሺንሺቾ መንገድ ዳር ጎማ የሚለጥፈው ልጅ ሳያውቀው ግማሽ ቀን ጣሊያንኛ ሲናገር ይውላል። የጭነት መኪናዎቹንም ትሬንታ ኳትሮ፣ ኤንትሬ እያልን ነው ያደግነው።

ወጣቶቹ ሲቼንቶ ሞታ የቀረች መስሏቸው ይሆናል። እንደዚያ አይደለም። ከእርሷ በኋላ የአዲስ አበባ ታክሲ የሆነው ላዳ የሩስያ ነው ይባላል እንጂ የተወለደው ፊያት 124 ከሚባለው መኪና ነው፤ ፋብሪካውም የቆመው ከፊያት ጋር በ1958 ዓ.ም. በተደረገ ውል ነው። የተተከለበት ከተማ ቶሊያቲ የሚባለው በአንድ የጣሊያን ኮሚኒስት መሪ ስም ነው። ዛሬ እዚህ ጭቃችንን የሚያቦካው ባጃጅስ? የህንድ ነው፣ ግን ኩባንያው ቀደም ሲል የጣሊያኑን የፒያጆን ቬስፓ በፈቃድ ይገጣጥም ነበር። ባለሦስት እግሩም መልኩን የወሰደው ፒያጆ ከጦርነቱ በኋላ ካወጣው አፔ ከሚባለው ነው፤ አፔ ንብ ማለት ነው። ስለዚህ ባጃጅ የሲቼንቶ የአጎት ልጅ ነው ብንል አልዋሸንም።

እንግዲህ ትንሽ ትሁን ያልነው አስከሬን አጥፈን ልንጭን አይደለም። ዕቃዋ ሆሳዕና ገበያ የሚገኝ፣ የሺንሺቾ ልጅ ፈቶ የሚገጥማት፣ ነዳጅዋ የወር መዋጯችንን የማይጨርስ ትሁን ማለታችን ነው። ትልቅ መኪና ገዝቶ በዕቃ እጦት ሣር ያበቀለበት ዕድር በዓይናችን አይተናል። የማን እንደሆነ አንናገርም።

አንድ ነገር ጨምረን እናብቃ። በ1970 ዓ.ም. እኛ ከሺንሺቾ የወጣን ሦስት ልጆች ሽሮ ሜዳ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ሦስታችንም ተላላኪዎች ነበርን፤ ጸሐፊነቱ በኋላ መጣ። አንድ ማታ የአገራችን ሰው መጥቶ ከእኛ የአንዱን ስም ጠርቶ «አባትህን ትንሽ አሟቸዋል፣ ቶሎ ይድረስ ብለዋል» አለ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አይነገርም። የሆሳዕና አውቶቡስ ከመርካቶ የሚነሣው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ሰዓት እላፊ ስላለ ደግሞ ሌሊት በእግር መውጣት አይቻልም። ሰዓት እላፊው እንደተነሣ ብንሮጥ እንኳ አንደርስም።

ሠፈራችን ውስጥ የሚያድር አንድ የሲቼንቶ ነጂ ነበር፤ እሳቸውን ቀሰቀስናቸው። መኪናዋ በብርዱ አልነሣም አለች። ሦስታችን ከኋላ ገፋን፤ መቼም ሽሮ ሜዳ ቁልቁለት ነው፣ ሃምሳ እርምጃ ሳንሄድ ተንኳኳችና ተነሣች። እየሮጥን ገባን። በስድስት ኪሎ፣ በፒያሳ አድርገን መርካቶ ስንደርስ አውቶቡሱ በር ሊዘጋ ነበር። አንድ ብር ከሃምሳ አውጥተን ብንሰጥ ሽማግሌው እጃችንን መለሱ። «ለቀብር ሄያጅ ሒሳብ የለም» አሉ። ስማቸውን እንኳ ሳንጠይቅ ገባን።

ከሆሳዕና ወዲህ ያለውን ከፊሉን በእግር መጣን፤ ቀብሩም እኛን ጠብቆ ነበር። ያችን አንድ ብር ከሃምሳ ለአባታችን ዕድር ሰጠን። የዕድሩ ጸሐፊ በማን ስም ልመዝግብ ብሎ ጠየቀ። የምንለውን አጣን። እርሱም መዝገቡ ላይ «ከአንድ የሲቼንቶ ነጂ፣ ብር 1.50» ብሎ ጻፈ።